ጥድና ወይራ ላይ የደረቀ እንጨት ማውጣት፦ ለአዲስ አበባ የቦንሳይ አሳዳጊዎች

በእንጦጦ ወይም በአንድ የቆየ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያረጀ የሐበሻ ጥድን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ጫፉ ደርቆና ነጥቶ ሳለ ከታች ያሉት ቅርንጫፎቹ ግን ለምልመው የሚታዩ ዛፍ ሳያጋጥመው አይቀርም። መብረቅ፣ ንፋስ፣ ድርቅ ወይም መጥረቢያ የገደለው ክፍል ሳይበሰብስ ለብዙ ዓመታት ይቆማል፤ የጥድ የመሀል እንጨት በተፈጥሮው ዘይታማ በመሆኑ ምስጥም ሻጋታም በቀላሉ አይደፍረውምና። የአጥር ቋሚ ከጥድ የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። በቦንሳይ ላይ የደረቀ እንጨት የሚወጣው፣ ማለትም ከሕያው ዛፍ ላይ ልጥ ተልጦ ሆን ተብሎ ደረቅ ክፍል የሚሠራው፣ ይህን መልክ በሸክላ ሳህን ውስጥ ላለ ትንሽ ዛፍ ለመስጠት ሲሆን፣ በተለይ ግንዱ ገና ቀጭንና ለስላሳ የሆነ ዛፍ ብዙ ዘመን ያሳለፈ እንዲመስል ከሚያደርጉት መንገዶች ሁሉ ፈጣኑ ይህ ነው።

ሥራው በጃፓን ስሞቹ ይታወቃል። የደረቀ ቅርንጫፍ ወይም የደረቀ ጫፍ ጂን ይባላል፤ ልጡ ተነሥቶ በግንድ ላይ ቁልቁል የሚታየው የደረቀ እንጨት ሻሪ ነው፤ በግንድ ላይ ያለ ጉድጓድ ኡሮ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ግንድ ደግሞ ሳባሚኪ ይባላል። ጀማሪ የሚያስፈልጉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ኡሮ በኋላ ይመጣል፤ ሳባሚኪን ግን ልምድ ለሌለው ሰው አልመክርም።

በጃፓንና በአውሮፓ የሚሠሩ ሰዎች የሚከተሉት የጊዜ ሰሌዳ በእነርሱ ብርድና በረዶ ላይ የተመሠረተ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በበጋ ፀሐይዋ እንጨትን በፍጥነት አድርቃ የምታነጣ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናቧ የማያባራ ከተማ ናት። ስለዚህ እዚህ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ሁሉ ወደ ውሃ ይመለሳል፦ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣውን ውሃ መንገድ ሳይቆርጡ መሥራት፣ ከሰማይ የሚወርደው ደግሞ በደረቀው እንጨት ላይ እንዳይቋጥር አድርጎ መቅረጽ።

ዛፉን መምረጥ

ከአገራችን ዛፎች ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ የሚመስሉት የሐበሻ ጥድና ወይራ ናቸው። የጥዱ የመሀል እንጨት ቀላ ያለ ዘይታማ ሲሆን፣ የወይራው ደግሞ እጅግ ጠንካራና ከባድ ነው። ለአጥር የሚተከለው የፈረንጅ ጥድ ለልምምድ ይሆናል፤ በየግቢው አጥር ሲከረከም የሚጣለውን ቅርንጫፍ ለምኖ ወስዶ ልጥ መላጥና ቃጫ መሰንጠቅ መለማመድ፣ በዛፉ ላይ ሊደርስ የሚችለውን ብዙ ጉዳት አስቀድሞ ያስቀራል። እንደ ሾላ፣ ዋርካና በየቤቱ በሸክላ የሚቀመጠው ፊከስ ያሉት ግን እንጨታቸው ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይበሰብሳሉ፤ ቁስላቸውንም በጠባሳ ለመሸፈን ይቸኩላሉ። እነርሱ ላይ የሚወጣ ደረቅ እንጨት ከጥቂት ክረምት በኋላ ወይ ይፈረፍራል፣ ወይ ይዘጋል።

ዛፉን ከደን ነቅሎ ማምጣት የተከለከለም የማይገባም ነው። ከችግኝ ጣቢያ የተገዛ፣ ግንዱ ቢያንስ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ጥድ ይበቃል። በመሀል ከተማ አሮጌ ግቢዎች ሲፈርሱ የአጥር ወይራ አብሮ ይነቀላል፤ ባለቤቱን አስፈቅዶ ጉቶውን ከነሥሩ ማንሣት ከተቻለ፣ በገንዘብ የማይገኝ ግንድ ይገኛል። እንዲህ ያለው ጉቶ ግን በአዲስ አፈር ሥር ሰዶ፣ አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቶ እስኪጠነክር ድረስ አንድም ልጥ ሊነሣበት አይገባም። በጠቅላላው በዚያው ዓመት አፈሩ የተለወጠ፣ ሥሩ የተቆረጠ ወይም ቅጠሉ የገረጣ ዛፍ ላይ አይሠራም።

የሕይወት መስመሩን ማንበብ

ከቅርፊት በታች ልጥ አለ፤ ቅጠል የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በእርሱ ነው። ከልጡ በታች በዓይን የማይለይ ቀጭን የዕድገት ሽፋን፣ ከዚያ ውሃ ወደ ላይ የሚወጣበት ነጭ እንጨት፣ በመጨረሻም ዛፉን ከማቆም በቀር ሥራ የሌለው የመሀል እንጨት ይገኛል። ሻሪ ሲወጣ የሚነሣው ልጡና የዕድገት ሽፋኑ ነው፤ በዚህ የተገለጠው ነጭ እንጨትም ደርቆ ውሃ ማስተላለፉን ያቆማል። ስለዚህ ግንዱን ዙሪያውን ቀለበት አድርጎ መላጥ ከዚያ በታች ያለውን ሥር ያስርበዋል፤ ዛፉም ይሞታል።

በጥድ ላይ በአንድ ወገን ያለ ሥር በአብዛኛው የሚያጠጣው ከበላዩ ያሉትን ቅርንጫፎች ነው፤ ግንዱ ከተጠማዘዘ መስመሩም አብሮት ይጠማዘዛል። ይህን መስመር ለማግኘት የሚፈረፈረውን የላይ ቅርፊት በጥርስ ብሩሽ ቀስ ብሎ ማንሣት ይጠቅማል፤ ከሥሩ ቀላ ያለ ለስላሳ ልጥ ይገለጣል። ሕያው የሆነው መስመር ከጎኑ ካለው ከፍ ብሎ ያበጠ ሲሆን፣ ደካማው ወገን ጎድጎድ ወይም ጠፍጣፋ ይላል። አንዳንድ ጊዜ ዛፉ ራሱ አንዱን ወገን ገድሎ ይጠብቃል፤ በጣት ሲመታ ቅርፊቱ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። እንዲህ ካለ ሥራው ከዚያ ይጀምር፤ ተፈጥሮ የመረጠችውን ቦታ ትቶ ሌላ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። እያንዳንዱን ዋና ቅርንጫፍ ወደ ታች ተከትሎ ከየትኛው ሥር እንደሚነሣ በጠመኔ ማስመር ከሥራው ሁሉ አሰልቺው ይሆናል፤ ሆኖም ዛፍ የሚሞተው በአብዛኛው ይህ በመዘለሉ ነው።

መሣሪያዎች

የተለየ የጃፓን መሣሪያ ፍለጋ መጨነቅ አያስፈልግም። ስለታም ቢላዋ ወይም ካተር፣ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ መጋዝ፣ አፉ ሹል የሆነ ፒንሳ፣ ጉጠት፣ ጠባብ መሮና የሽቦ ብሩሽ ይበቃሉ፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ላይ ጊዜ ወስዶ የሚዞር ሰው አሮጌ ግን ጥሩ ብረት ያላቸውን አያጣም። መሮው ተስሎ እንጂ እንደተገዛ አይሠራበትም። ትራፓኖና በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መፍጫ ለትልቅ ወይራ ጉቶ ይጠቅማሉ። ማሳሂኮ ኪሙራ የተባለው ጃፓናዊ በዚህ ዓይነት መሣሪያ ትልልቅ ጥዶችን በመቅረጹ በዓለም ታውቋል፤ ነገር ግን መፍጫ በልምድ ያልተገራ እጅ ውስጥ የሚተወው ክብ ክብ ጉድጓድ ከሩቅ ያስታውቃል። ማንኛውም ማሽን ሲነሣ መነጽርና ማስክ ግዴታ ነው።

ጂን ማውጣት

ለቅርጹ የማይፈለግ ቅርንጫፍ ሲኖር ከሥሩ ከመቁረጥ በፊት ጂን ሊሆን ይችል እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። የተቆረጠ ቅርንጫፍ አይመለስም፤ ጂን ግን ካልተወደደ ምንጊዜም ይቆረጣል። ልጡ በቀላሉ የሚላጠው ዛፉ በሚያድግበት ጊዜ ነው፤ በእኛ አገር ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለው ወቅት የተመቸ ይሆናል፤ ዛፉ ክረምቱን ጠጥቶ በእርጥበት የተሞላ ሲሆን ከፊቱ ደግሞ የተገለጠውን እንጨት የሚያደርቁት ወራት አሉና።

ቅርንጫፉን ከሚፈለገው ርዝመት ቢያንስ በእጥፍ አስረዝሞ ይቁረጡ። ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ያበጠውን አንገቱን ለግንዱ ትተው፣ በቢላዋ ዙሪያውን እስከ እንጨቱ ድረስ ይቁረጡ፤ ይህ መስመር ካልተቆረጠ ልጡ ሲላጥ ግንዱንም ይዞ ይወርዳል። ከዚያ ቅርንጫፉን በፒንሳ እየጨመቁ ያንከባሉት፤ ልጡ ከእንጨቱ ይላቀቅና በእጅ ይላጣል። የቀረውን ቀጭን ሽፋን በቢላዋው ጀርባ ፍቀው ያጽዱ፤ ሽፋኑ ከቀረ ይጠቁራል፤ ሻጋታም የሚጀምረው ከእርሱ ነው።

አሁን ጫፉ ላይ የመጋዝ ፊት አለ፤ ከዚህ የበለጠ ዓይን የሚወጋ ነገር የለም። በንፋስ የተሰበረ ቅርንጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ አያልቅም። ጫፉን በጉጠት ሰንጥቀው ጥቂት ቃጫ ይያዙና ወደ ግንዱ አቅጣጫ ቀስ አድርገው ይጎትቱት፤ ቃጫው የራሱን መንገድ ተከትሎ ይቀደዳል። አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከጎን፣ አንዱን ከሥር እያሉ ሲቀጥሉ ጫፉ ይቀጥናል፤ ሥሩ ወፍራም ጫፉ ሹል የሆነ ቅርጽም ይመጣል። በመሮ የተቀረጸና ቃጫው የተጎተተ እንጨት ልዩነታቸው ከደረቁ በኋላ ይበልጥ ይጎላል፤ የመጀመሪያው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ ሁለተኛው ግን በቃጫው መስመር እየተሰነጠቀ ይሄዳል። በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስን የሚወዱ አሉ፤ እኔ እንደ ወንበር እግር የሚያደርገው ስለሚመስለኝ አልጠቀምበትም።

እርጥብ እያለ ጂኑን በመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ ማጠፍ ይቻላል፤ ሲደርቅ በታጠፈበት ይቀራል። አቅጣጫውም ከሕያዋኑ ቅርንጫፎች ጋር ይስማማ፤ ቅርንጫፎቹ ወደ ታች የተዘነበሉ ሆነው ጂኑ ብቻ ወደ ሰማይ ከቆመ የዚያው ዛፍ አካል አይመስልም። የዛፉ ጫፍ ራሱ ጂን ሲሆን ግን ቀጥ ብሎ ቢቆም ያምራል፤ በመብረቅ የተመታውን የደጋ ጥድ የሚያስታውሰውም ይኸው ነው። ከርዝመቱ ላይ ለመቀነስ አይቸኩሉ፤ ክረምት አልፎበት እስኪታይ ይቆይ።

ሻሪ ማውጣት

ሻሪ ከየትም ተነሥቶ በየትም አያልቅም። ከላይ የሚጀምረው ከአንድ ጂን ሥር ከሆነ ተመልካች ነገሩን ያምናል፦ ቅርንጫፉ ሞተ፣ እርሱን ያጠጣ የነበረው መስመርም አብሮት ደረቀ። ቀጥ ያለ ወጥ መስመር ግን ግንዱን ያሳጥረዋል፤ ከግንዱ መጠማዘዝ ጋር የሚዞር፣ አንዳንድ ቦታ የሚሰፋ፣ አንዳንድ ቦታ የሚጠብ መስመር ይሻላል። ሰፊው ክፍል ከፊት ለፊት ቢታይም ጠርዙ ወደ ኋላ ዞሮ እንዲሰወር ማድረግ ግንዱን ጥልቀት ይሰጠዋል።

መስመሩን በጠመኔ ካሰመሩ በኋላ ለጥቂት ቀናት ይተዉት፤ በየጠዋቱ ሲያዩት የማይወዱትን ያርማሉ። ሲቆርጡ በመጀመሪያው ዓመት ከ5 ሚሊ ሜትር እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት አይለፉ። ሁለቱን ጠርዞች በስለታም ቢላዋ ቆርጠው መሀሉን ብቻ ይላጡ፤ የተቀደደ ጠርዝ ወደማይፈለግበት ይደርቃልና ጠርዙ ንጹሕ ይሁን። ጠርዙን በቀጭኑ ቫዝሊን መቀባት የበጋው ፀሐይ እንዳያደርቀው ይረዳል። በሚቀጥለው ዓመት ዛፉ ጥሩ ካደገና የትኛውም ቅርንጫፍ ካልገረጣ ጥቂት ይስፋ፤ እንዲሁ በየዓመቱ። አንድ ጊዜ ከግንዱ ዙሪያ ከሲሶ በላይ መላጥ ለማንም አይበጅም። በቀስታ የተሠራው ሌላም ትርፍ አለው፤ ሕያው ልጥ ከየጠርዙ እያበጠ ስለሚመጣ፣ ከዓመት ዓመት የተላጠው ሁሉ የተለያየ ከፍታ ይዞ ይቀራል፤ ቀዩ ሕያው መስመር ከነጩ እንጨት በላይ እንደ ጅማት ጎልቶ የሚታየው በዚህ መንገድ ነው።

የሻሪው የታችኛው ጫፍ አፈሩን መንካት የለበትም። የደረቀ እንጨት ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ አፈር ጋር ከተገናኘ ጥድም ቢሆን መብስበሱ አይቀርም፤ ብስባሹም ከሥር ወደ ላይ ስለሚሄድ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ከአፈሩ በላይ ቢያንስ ሁለት ጣት ያህል ልጥ ይተዉ፤ ዛፉ ቀድሞውኑ በዚያ በኩል የሞተ ከሆነ አፈሩን ከእንጨቱ አርቀው በቦታው ጠጠር ይሙሉ።

ወይራና ጉድጓዱ

ወይራ ላይ ሥራው ሌላ ጠባይ አለው። ወፍራም ቅርንጫፍ ሲቆረጥ፣ ከቁርጡ በታች ያለው ልጥ ብዙ ጊዜ በራሱ እየደረቀ ቁልቁል ይወርዳል፤ የት እንደሚያቆም አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ቆርጦ አንድ ዓመት መጠበቅ፣ ከዚያ የሞተውን ክፍል ወሰን ተከትሎ መቅረጽ ከሁሉም የተሻለ ነው። ሕያውና የሞተው የሚለያዩበት ጠርዝ ሲያብጥ ሥዕሉን ዛፉ ራሱ ይሰጣል።

ትልቁ የቁርጥ ፊት ወደ ኡሮ ይለወጣል፤ ይህም በመሀሉ በትራፓኖና በመሮ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠርዙን ወጣ ገባ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ በከተማችን ካለው ዝናብ የተነሣ አንድ ነገር ይቀድማል፦ ጉድጓዱ ውሃ መያዝ የለበትም። ወለሉ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል፣ ይህ ካልሆነም ከታች በግንዱ ጀርባ የሚወጣ ቀጭን ቀዳዳ ተበስቶ ውሃው እንዲፈስ ይደረጋል። ሲሚንቶ ሞልተው የሚደፍኑ አሉ፤ ሲሚንቶው ከእንጨቱ ጋር ስለማይሰፋና ስለማይጠብ በመሀላቸው ስንጥቅ ይፈጠራል፤ ውሃውም እዚያ ተደብቆ ይኖራል። ያልተደፈነው ጉድጓድ ይሻላል።

ማድረቅ፣ ማንጣትና ከክረምት መጠበቅ

የተገለጠው እንጨት ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ ያግኘው። ሲደርቅ የሚነሡትን ደቃቅ ስንጥሮች በሽቦ ብሩሽ በቃጫው አቅጣጫ ማጽዳት፣ ወይም በአነስተኛ የጋዝ ነበልባል ለአፍታ ለብልቦ መቦረሽ ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ ሕያው ልጡና ቅጠሉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናሉ።

እንጨትን ከብስባሽ ለመጠበቅ በቦንሳይ ዓለም የሚታወቀው መድኃኒት የኖራና የድኝ ፈሳሽ ነው፤ ለፍራፍሬ ዛፎች የሻጋታ መከላከያ ሆኖም ያገለግላል። ሲቀባ ብርቱካናማ ቢጫ ነው፤ በፀሐይ ሲደርቅ ይነጣል። የሚቀባው ደረቅ በሆነና ፀሐይ ባለበት ጠዋት ነው፤ እንጨቱን አስቀድሞ በውሃ ጥቂት ማርጠብ ፈሳሹ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ይረዳል። አፈሩ በፌስታል ይሸፈን፤ ፈሳሹ ሕያው ልጥ፣ ቅጠልና ሥር አይንካ። ቆዳና ዓይንን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር አይዘንጉ። ከአቼቶ ወይም ከማንኛውም አሲድ ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ አብሮ አይቀመጥም፣ በአንድ ዕቃም አይሠራበትም። ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ስለሆነ በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የሚሠራ ሰው ጎረቤቱን ቀድሞ ቢያስፈቅድ ይሻለዋል። ኖራና ድኝ ገዝቶ ቤት ውስጥ ማፍላትን ግን አልመክርም፤ ጭሱም ፍንጣቂውም አደገኛ ነው።

አዲስ የተቀባ እንጨት ንጣቱ ከልክ ያልፋል። ብዙ ሰው ይህን ይወዳል፤ ለእኔ ግን ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይመስለኛል፤ በፈሳሹ ውስጥ ጥቂት ጥቁር ቀለም ጠብ ማድረግ ወደ ዐመድማ ያወርደዋል፤ በተለይ ስንጥቆቹ ውስጥ ጠቆር ሲል ጥልቀት ይታያል። በፒያሳና በመርካቶ አካባቢ መንገድ ዳር ያለ ዛፍ ላይ ግን የመኪና ጥቀርሻና አቧራው ይህን ሥራ ሳይጠየቅ ይሠራል፤ እዚያ የሚያስፈልገው ከመቀባት በፊት በውሃና በጥርስ ብሩሽ ማጠብ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ መቀባት ይበቃል፦ እንጨቱ ከደረቀ በኋላ በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ከዚያም ዝናቡ ከመግባቱ በፊት በግንቦት። ክረምቱ ሲበረታ ዛፉን ሙሉ በሙሉ ወደ ቤት ማስገባት ጥድን ይጎዳዋል፤ ብርሃን ሳይቀንስ ዝናቡ ብቻ እንዲቀርለት ከክዳን ጠርዝ ሥር ወይም በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ሥር ማስቀመጥ ይቻላል። አረንጓዴ ሽበት ወይም ሻጋታ ከታየ በደረቅ ብሩሽ ይነሣ፤ ውሃ ሲያጠጡም አፈሩን እንጂ ጂኑን አያርጥቡ።

መስከረም ሲጠባ እያንዳንዱን ጂንና ሻሪ በመርፌ ወይም በቀጭን ሽቦ ጫፍ ጫን እያሉ ይፈትሹ። ሽቦው የሚገባበት ለስላሳ ቦታ ካለ በስብሷል ማለት ነው፤ ጠንካራው እንጨት እስኪገኝ ድረስ በመሮ ይነሣ፣ ለጥቂት ሳምንታት ይድረቅ፣ ከዚያ ዳግመኛ ይቀባ። በዚህ ምክንያት ቅርጹ ቢለወጥ ወደ ቀድሞው ለመመለስ በኮላና በእንጨት ዱቄት አይለጥፉ፤ የተነሣውን ቦታ ጠርዝ በጉጠት ቃጫውን ጎትተው ከቀረው ጋር ያዋሕዱት።